ከታክሲው በፊትና ከታክሲው በኋላ፤ የሳሊፍ ኬይታ የኳስ ሕይወት እንደ ትረካ

1. መግቢያ

የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ሂስ ማቅረቡ አንዳንድ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ሆኖም በዘመናችን ከልብ ወለድና ከግጥም ይበልጥ የሚነበበው፣ የሚደመጠውና በየቡና ቤቱ የሚተረከው የሕይወት ታሪክ የኳስ ተጫዋች ታሪክ መሆኑን መካድ አይቻልም። ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ በኋላ የታተሙት የአማርኛ የስፖርት ጋዜጦችና መጽሔቶች፣ ከእነሱም ጎን የቆሙት የሬዲዮ ዝግጅቶች፣ አንባቢውንና አድማጩን አንድ ዓይነት ትረካ አስለምደውታል። ይህ ትረካ የራሱ አጀማመር፣ የራሱ መሸጋገሪያና የራሱ ማሳረጊያ አለው። ድሃ ቤተሰብ፣ የጨርቅ ኳስ፣ ተሰጥኦውን ያየ እንግዳ ሰው፣ አውሮፕላን፣ ብርድ፣ በመጨረሻም ዋንጫና ገንዘብ። ሥነ ቃልን ያጠና ሰው ይህን ቅደም ተከተል ሲያይ ተረት ተረትን ማስታወሱ አይቀርም።

አንድ የትረካ ዓይነት ይህን ያህል ሕዝብ የሚያዳምጠው ከሆነ፣ ሐያሲ «የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ሊያልፈው አይገባም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከአፍሪካ ወጥተው በአውሮፓ በሙያው ከኖሩት ቀደምት ተጫዋቾች አንዱ የሆነው የማሊው ሳሊፍ ኬይታ ሕይወት እንዴት እንደሚተረክ መመርመር ነው። የሚነሡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ታሪኩ ከየት ይጀመራል? ከማን አንጻር ይነገራል? የትኛው ድርጊት ተጋንኖ የትኛው ተደብቋል? ጸሐፊው የሚከራከርለት ሐሳብ፣ በተለመደው ትረካ ውስጥ ኬይታ ዕድል የሚወስደው ሰው ሆኖ መቅረቡንና ሕይወቱን የወሰኑት የራሱ ውሳኔዎች ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፋቸውን የሚያመለክት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሙዚቀኛው ሳሊፍ ኬይታም የማሊ ሰው ስለሆነ፣ ሁለቱ ስመ ሞክሼዎች እንዳይምታቱ አስቀድሞ ማስታወስ ይጠቅማል።

2. የሕይወቱ ፍሬ ነገር

ወደ ሂሱ ከመግባታችን በፊት የታሪኩን ጥሬ ነገር በአጭሩ እናስቀምጥ። ሳሊፍ ኬይታ በ1946 ባማኮ ውስጥ ተወለደ። ማሊ ከፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ በ1960 ነጻ ስትወጣ ገና ዐሥራ አራት ዓመት አልሞላውም ነበር። በዐሥራዎቹ ዕድሜው ለሀገሩ ቡድን ተሰለፈ። በ1966 ክለቡ ሪያል ባማኮ ለአፍሪካ የሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፤ በሜዳው 3 ለ 1 ቢያሸንፍም አቢጃን ላይ 4 ለ 1 ስለተሸነፈ ዋንጫውን ስታድ አቢጃን ወሰደው።

በ1967 ወደ ፈረንሳዩ ሴንት ኤቲየን ሄደ። ከዚህ ክለብ ጋር በ1968፣ በ1969 እና በ1970 የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1968 እና በ1970 ደግሞ የፈረንሳይን ዋንጫ አነሣ። ፍራንስ ፉትቦል የተባለው መጽሔት ለአፍሪካ ምርጥ ተጫዋች በ1970 መስጠት የጀመረውን የወርቅ ኳስ መጀመሪያ የተቀበለው እሱ ነው። በ1970/71 የውድድር ዘመን በፈረንሳይ ሊግ 42 ግቦች አገባ፤ የማርሴዩ ዩጎዝላቭ ዮሲፕ ስኮብላር ግን 44 አግብቶ ቀደመው። በ1972 ወደ ማርሴይ፣ በ1973 ወደ ስፔኑ ቫሌንሲያ፣ በ1976 ወደ ፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ ሊዝበን ተዛወረ፤ በ1978 የፖርቱጋል ዋንጫ ባለቤት ሆነ። በመጨረሻም በ1979 አሜሪካ ገብቶ ለኒው ኢንግላንድ ቲ ሜን ተጫወተና በ1980 ጫማውን ሰቀለ።

ወደ ሀገሩ ተመልሶ በ1990ዎቹ በባማኮ በስሙ የሚጠራ የወጣቶች የኳስ ማሠልጠኛ አቋቋመ፤ ከ2005 እስከ 2009 የማሊ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ። በመስከረም 2023 በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

3. ታክሲው፤ የመግቢያ ክፍል ኃይልና ጉዳት

የኬይታን ታሪክ የሚተርክ ሰው ሁሉ ከሞላ ጎደል ከአንድ ገጠመኝ ይነሣል። ወጣቱ ፓሪስ ሲደርስ የሚቀበለው ሰው አላገኘም። ታክሲ አስቁሞ «ሴንት ኤቲየን ውሰደኝ» አለ። መንገዱ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኪሱ ባዶ ስለነበር ሒሳቡን ክለቡ ከፈለ። እውነተኛ ሆኖ ሳለ ልብ ወለድ የሚመስል፣ አንዴ የሰማው የማይረሳው ገጠመኝ ነው። ተራኪዎች ስለወደዱት ልንወቅሳቸው አንችልም።

የሂስ ጥያቄ ግን ገጠመኙ ለአጠቃላዩ ትረካ ምን ይሠራል የሚለው ነው። አንደኛ፣ አንጻሩን እንመልከት። ታሪኩ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሲጀመር ተራኪው ፓሪስ ላይ ቆሞ መጪውን እንግዳ ያያል። አንባቢውም ሳያስበው ከተራኪው ጎን ይቆማል። በዚህ አቋቋም ኬይታ እኛ በቀልዶቻችን የምናውቀውን ከተማ ገብ ባላገር ይመስላል፤ ርቀት የማያውቅ፣ ዋጋ የማይጠይቅ፣ በየዋህነቱ የሚያስቅና የሚወደድ። ባላገሩ በቀልዱ መጨረሻ ብልጥ ሆኖ ቢገኝም ሣቁ የተጀመረው በእሱ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ገጠመኙ ከእሱ በፊት የነበረውን ሁሉ ባዶ ያደርገዋል። ከታክሲው በፊት ሕይወት ያልነበረ ይመስላል። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው። ታክሲው ውስጥ የተቀመጠው የሃያ ዓመት ወጣት ለሀገሩ ቡድን ዓመታት የተሰለፈ፣ ክለቡ አንድ ዓመት ሳይሞላ በፊት የአህጉሩን የክለቦች ፍጻሜ የተጫወተ ሰው ነው። ከሀገሩ የወጣውም በይፋ ተሸኝቶ አልነበረም። የሞዲቦ ኬይታ መንግሥት የሶሻሊዝምን መንገድ በያዘበት በዚያ ዘመን ጎበዝ ተጫዋች የሀገር ሀብት ተደርጎ ይታይ ነበርና፣ መውጣቱ በራሱ ድፍረትና ምስጢር የጠየቀ ድርጊት ነው። ይህን ሁሉ አልፎ ፓሪስ የደረሰ ሰው፣ የሚፈልገው ክለብ የታክሲ ሒሳብ እንደሚከፍል ቢያምን ይህ የዋህነት ነው ወይስ ዋጋውን ማወቅ? ትረካው ከባማኮ ቢጀመር ኖሮ ያው ገጠመኝ የቆራጥነት ምልክት ሆኖ በተነበበ ነበር። ድርጊቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተራኪው የቆመበት ቦታ ነው።

ሦስተኛ፣ ገጠመኙ የደስታ ፍጻሜን አስቀድሞ ስለሚያበስር ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ሽንፈት መስማት ያስቸግራል። የኬይታን ሕይወት በጥንቃቄ ያነበበ ሰው «ሁለተኛ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚደጋገም ያስተውላል። በ1966 በአፍሪካ የክለቦች ፍጻሜ ሁለተኛ። በ1971 በ42 ግብ ሁለተኛ። በ1972 ካሜሩን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የእሱ ትውልድ የማሊ ቡድን ፍጻሜ ደርሶ በኮንጎ 3 ለ 2 ተሸንፎ ሁለተኛ። በክለብ ደረጃ በፈረንሳይ ያገኘው ድል ታላቅ ነው፤ ለሀገሩ የተመኘው ዋንጫ ግን ሳይገኝ ቀርቷል። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ጥልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው በሰው ሀገር የሚያገኘውን ድል በገዛ ሀገሩ ማግኘት አለመቻሉ። የተለመደው ትረካ ግን የወርቅ ኳሱን ይዞ ወደ ፊት ይሮጣል።

4. ግስላ፤ ስም አውጪው ማነው?

የፈረንሳይ ጋዜጦችና ደጋፊዎች ኬይታን «ጥቁር ግስላ» አሉት። ክለቡም የግስላን ምስል በዓርማው ላይ እስከ ማስቀመጥ ደርሷል፤ ይህም ከኬይታ ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። በአማርኛ የስፖርት ጽሑፎችም ስያሜው እንደ ታላቅ ሙገሳ ተተርጉሞ ይገኛል።

ትርጉሙ ግን ወደ አማርኛ ሲገባ አንድ ነገር እንደሚለወጥ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ባህል ግስላ የአዳኝና የጦረኛ ክብር ነው፤ ለምዱን የሚለብሰው ግዳይ የጣለ ጀግና ነው። «ግስላ ሆነ» ስንል ቁጣውንና ወኔውን እንጂ የቆዳውን ቀለም አናስብም። በፈረንሳይኛው ስያሜ ግን «ጥቁር» የሚለው ቃል ከእንስሳው ይልቅ ሰውየውን ያመለክታል። ለዚህ ማስረጃው ያው ስም ከኬይታ በፊት ለሌላ ሰው መሰጠቱ ነው፤ በሞዛምቢክ ተወልዶ ለቤንፊካና ለፖርቱጋል የተጫወተው ዩሴቢዮም «ጥቁር ግስላ» ይባል ነበር። ዩሴቢዮ ኃይለኛ መቺ፣ ቀጥታ ሯጭ ነው፤ ኬይታ ደግሞ ኳስ ይዞ በቀስታ የሚያታልል፣ በቀጭን ሰውነቱ በተከላካዮች መሐል የሚሾልክ አጥቂ ነው። ሁለት የተለያየ ስልት ያላቸውን ሰዎች አንድ ስም ከጠራቸው፣ ስሙ የሚገልጸው አጨዋወታቸውን አይደለም ማለት ነው።

ከፈረስ ስም ልማዳችን ጋር ማነጻጸሩ ልዩነቱን ያጎላዋል። «አባ ታጠቅ» ወይም «አባ ዳኘው» የሚለው ስም የባለቤቱን ጠባይና ምኞት ይዞ በራሱ ፉከራና በወገኖቹ አንደበት የሚኖር ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ካባ አይተላለፍም። ስም የሚያወጣው ማነው የሚለው ጥያቄ በሕይወት ታሪክ ውስጥ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ስያሜው በክፋት ወጣ ማለት አይቻልም፤ ብዙው ደጋፊ በፍቅር እንደጠራው የታወቀ ነው። ነገር ግን የአማርኛ ተራኪ ስያሜውን ሲያስተላልፍ ከየት እንደመጣ ካልተናገረ፣ የሌላውን ዓይን እንደ ራሱ ዓይን አድርጎ ለአንባቢው ይሰጣል።

5. እምቢታው

አሁን ወደ ትረካው የተደበቀ ክፍል እንመጣለን። ማርሴይ በነበረበት ጊዜ የፈረንሳይ ሊግ ለውጭ ዜጎች የቁጥር ገደብ ነበረው። ክለቡ ስኮብላርንና ስዊድናዊውን ማግኑሶንን ይዞ ስለነበር ኬይታ የፈረንሳይ ዜግነት እንዲወስድ ገፋፋው። እሱ እምቢ አለ፤ በ1973ም ክለቡን ለቆ ቫሌንሲያ ገባ። በዚያም የጠበቀው አቀባበል የታወቀ ነው፤ ክለቡ ጀርመኖችን ፍለጋ ሄዶ ጥቁር ሰው ይዞ ተመለሰ የሚል ርእስ በአካባቢው ጋዜጣ ላይ ወጣ።

በአብዛኛው ትረካ ይህ ሁሉ «በዜግነት ጉዳይ ከክለቡ ጋር ስላልተስማማ ተዛወረ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። በትልም ጥናት ዓይን ግን ይህ የታሪኩ ጡዘት ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ማንነቱን የሚያሳየው የሚሻለውን ጥቅም ትቶ ሌላ ነገር ሲመርጥ ነው። ከዚህ በፊት ኬይታ ከባማኮ ወጥቶ ወደ ተሻለ ኑሮ ሄዷል፤ ይህ ምርጫ የብዙ ሰው ምርጫ ነው። በ1973 ግን አንድ ወረቀት ፈርሞ ባለበት ቦታ መቆየት ሲችል ሄደ። ታክሲው ሕይወቱን የጀመረለት ከሆነ፣ እምቢታው ትርጉም የሰጠው ነው።

እርግጥ ነው፣ ተቃራኒ አስተያየት ሊቀርብ ይችላል። «ይህ የውል ክርክር እንጂ የአርበኝነት ጉዳይ አይደለም፤ ሐያሲው ከሚገባው በላይ እያከበደው ነው» የሚል። አስተያየቱ ከፊል እውነት አለው። ኬይታን ባንዲራ የለበሰ ሐውልት ማድረግ አንዱን ተረት በሌላ ተረት መተካት ይሆናል። ከክለብ ክለብ ሲዘዋወርም የገንዘብ ጥቅሙን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ የውል ክርክርና የማንነት ጥያቄ በአንድ ውሳኔ ውስጥ ሊገናኙ አይችሉም ያለው ማነው? እንዲያውም የጥሩ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ከአንድ በላይ በሆነ ምክንያት የሚንቀሳቀስ ነው። ትረካው ምክንያቶቹን ቢዘረዝር እንጂ ጉዳዩን ቢዘለው አይጠቀምም።

ከሁለት ሰዎች ጋር ማነጻጸር የኬይታን አቋም ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ዩሴቢዮ ሲወለድ ሞዛምቢክ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ነበረች፤ በ1966 የዓለም ዋንጫ 9 ግቦችን ያገባው ለፖርቱጋል ነው፤ የሚመርጠው ሌላ የሀገር ማልያ አልነበረም። አልጄሪያዊው ራሺድ መክሉፊ በሴንት ኤቲየን ዝነኛ ሆኖ ሳለ፣ የ1958 የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው ከጓደኞቹ ጋር በምስጢር ፈረንሳይን ለቆ የአልጄሪያን ነጻ አውጪ ግንባር ቡድን ተቀላቀለ፤ ከነጻነት በኋላ በ1962 ወደ ዚያው ክለብ ተመለሰ። በ1967/68 የውድድር ዘመን መክሉፊና ኬይታ በአንድ ማልያ ተጫወቱ። አንዱ ሀገሩ ነጻ እንድትወጣ ሥራውን የጣለ፣ ሌላው ነጻ ከወጣች ሀገር መጥቶ ዜግነቱን አልለውጥም ያለ። የመክሉፊ ውሳኔ በጦርነት ጊዜ ስለተፈጸመ ተራኪ አላጣም። የኬይታ እምቢታ በሰላም ጊዜ፣ በቢሮ ውስጥ፣ በወረቀት ላይ ስለሆነ ተራኪ አጣ። በሥነ ጽሑፋችንም ቢሆን ጠመንጃ ያልተተኮሰበትን ጀግንነት መተረክ ሁልጊዜ አስቸግሮናል።

6. የመመለስ ጥያቄ

የሄደ ሰው ታሪክ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አዲስ አይደለም። የብላቴን ጌታ ኅሩይ «አዲስ ዓለም» (1925 ዓ.ም.) ዋና ገጸ ባሕርይ ዐወቀ ፓሪስ ተምሮ ይመለሳል፤ ተመልሶም ከዘመዶቹ ጋር በተዝካርና በሰርግ ልማድ ይጋጫል። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» (1941 ዓ.ም.) ዋና ገጸ ባሕርይም እንዲሁ በፈረንሳይ የእርሻን ትምህርት ተምሮ ሀገሩን ሊያገለግል ይመለሳል። በሁለቱም መጻሕፍት ባሕር ማዶ መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም። የታሪኩ ክብደት ያለው ከመመለስ በኋላ ነው፤ ያመጣው ዕውቀት ምን ይሠራል? ማን ይቀበለዋል? ማን ይገፋዋል?

የማሊ ሕዝብም ይህን የትረካ መልክ በራሱ ሥነ ቃል ያውቀዋል። ኬይታ የሚለው ስም የጥንቱን የማሊ መንግሥት የመሠረተው የሱንጃታ ዘር ስም ነው። ጀሊ የተባሉት ታሪክ ነጋሪዎች በሚያዜሙት ጀግና ታሪክ ሱንጃታ በልጅነቱ መራመድ የማይችል፣ በኋላም ከእናቱ ጋር ተሰድዶ የኖረ፣ በመጨረሻ ተመልሶ ሀገሩን ያቀና ነው። ስደቱ ረጅም ቢሆንም የትረካው ማረፊያ መመለሱ ነው። እንግዲህ የማሊውም ሆነ የእኛ የትረካ ልማድ የሄደውን ሰው «ተመልሶ ምን ሠራ?» ብሎ ይጠይቃል። የኳስ ተጫዋች ትረካ ግን ይህን ጥያቄ ትቶ በዝና ጫፍ ላይ ያቆማል። ቅርጹ ከእኛም ከማሊዎችም ልማድ የወጣ አይደለም፤ ከጋዜጣው ገበያ የመጣ ነው።

የኬይታ መመለስ ደግሞ ለቀላል መዝጊያ የሚመች አይደለም። በባማኮ ያቋቋመው ማሠልጠኛ ማሃማዱ ዲያራንና የወንድሙን ወይም የእኅቱን ልጅ የሚባለውን ሴይዱ ኬይታን አፍርቷል። ዲያራ እስከ ሪያል ማድሪድ ደረሰ፤ ሴይዱ በ2009 እና በ2011 ከባርሴሎና ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አሸነፈ። በምስጢር የወጣው ሰው ተመልሶ ለሌሎች በይፋ መውጫ በር ከፈተ። ይህ ለሀገር የተሠራ ሥራ ነው ወይስ የሀገርን ልጅ ወደ ውጭ የሚልክ መንገድ? ሁለቱም ነው። የሚሄደው ልጅ እንደ ድሮው ብቻውን አይሄድም፤ ተምሮ፣ ውል ይዞ፣ ኋላው ሰው ኖሮት ይሄዳል። ግን መሄዱ አልቀረም። ዐወቀ ዕውቀት ይዞ መጥቶ በሀገር ውስጥ ሊሠራበት ታገለ፤ ኬይታ ይዞት የመጣው ዕውቀት ራሱ የመሄድ ዕውቀት ሆነ። ተራኪ የሆነ ሰው ይህን ተቃርኖ አግኝቶ ሊያልፈው አይገባም ነበር።

በጊኒያዊው ዳይሬክተር ሼክ ዱኩሬ የተሠራው «የወርቅ ኳስ» (1994) የተባለ ፊልም ከኬይታ ሕይወት መነሻ የወሰደ ሲሆን ኬይታ ራሱም ተውኖበታል። ፊልሙ ያተኮረው በገጠር ልጅ የኳስ ፍቅርና በዙሪያው በሚሰበሰቡት አዋቂዎች ላይ ነው። ልጁን የሚያቀርቡት ሁሉ ለእሱ ሲሉ ብቻ እንዳልሆነ ተመልካቹ ይረዳል፤ ይህ ከጋዜጦቹ ትረካ ይልቅ ብስለት አለው። ሆኖም ትኩረቱን በልጅነት ላይ በማድረጉ ከእምቢታውም ከመመለሱም ይርቃል። አዋቂው ኬይታ እስካሁን ተራኪውን እየጠበቀ ነው ማለት ይቻላል።

7. ለአማርኛው ትረካ ምን ይተርፋል?

ጉዳዩ የማሊ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ቦታ ባልተሰጠው ነበር። ነገር ግን የእኛም የስፖርት ጽሑፎች የውጭ ተጫዋቾችን ታሪክ ከውጭ ምንጭ ሲተረጉሙ ትልሙንም፣ አንጻሩንም፣ ስያሜውንም አብረው ይተረጉማሉ። በዚያው ቅርጽ የራሳችንን ሰዎች ለመተረክ ሲሞከር ችግሩ ይታያል። መንግሥቱ ወርቁን እንውሰድ። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ በፍጻሜው አንድ ግብ ያገባ፣ የክለብ ዕድሜውን በቅዱስ ጊዮርጊስ የፈጸመ ታላቅ አጥቂ ነው። ሁለተኛ በመሆን የተጎዳው ኬይታ ያላገኘውን ዋንጫ በሀገሩ ሜዳ አንሥቷል። ግን አውሮፕላን የለም፤ ታክሲ የለም፤ ብርድ የለም። በተለመደው ትልም ውስጥ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ፣ ብዙ ጊዜ ታሪኩ «ውጭ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ» በሚል ቁጭት ይተረካል። የሠራው ነገር ባልሠራው ነገር ይለካል። ይህ የሰውየው ጉድለት ሳይሆን የትረካው ቅርጽ ጉድለት ነው።

ሌላው ጉዳት በወጣቱ አንባቢ ላይ የሚደርሰው ነው። ትረካ ምኞትን ይቀርጻል። ሁልጊዜ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚጀምር ታሪክ የሚሰማ ልጅ፣ ሕይወት ከዚያ እንደምትጀምር ቢያምን አይፈረድበትም። ሰፈሩ፣ ክለቡ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሚገጥማቸው ጓደኞቹ ሁሉ የመጠበቂያ ክፍል ይሆኑበታል። የማይሄደው እጅግ ብዙው ነው፤ ለእሱ ይህ ትረካ ምንም የሚለው የለም። ለሚሄደውም ቢሆን መቼ እምቢ ማለት እንደሚቻል አያስተምረውም። አንድ ክለብ ውል አቅርቦ ስሙን፣ ዕድሜውን ወይም ዜግነቱን እንዲለውጥ ሲጠይቀው፣ ከእሱ በፊት የተጠየቀና እምቢ ብሎም የኖረ ሰው እንደነበረ ቢያውቅ ምንኛ በጠቀመው!

ስለዚህ ለእነዚህ ታሪኮች ጸሐፊዎች የሚቀርበው አስተያየት ትንሽና ተግባራዊ ነው። ታሪኩ ከሀገር ቤት ይጀመር፤ ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ምን እንደነበረ ይነገር። ስያሜ ሲጠቀስ ማን እንዳወጣው ይጠቀስ። ግብና ዋንጫ በሚቆጠርበት ገጽ ላይ ውሳኔዎችም ይቆጠሩ። ታሪኩም ጫማው በተሰቀለበት ቀን አይቁም። እነዚህን ለማድረግ የተለየ ሥልጠና አያስፈልግም፤ «አዲስ ዓለም»ን ያነበበ ሰው የሚያውቀውን ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል።

8. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ የሳሊፍ ኬይታ ሕይወት የሚተረክበት የተለመደ መንገድ ተመርምሯል። የታክሲው ገጠመኝ ትረካውን ከፓሪስ አንጻር እንደሚያስጀምረው፣ የግስላ ስያሜው ሰውየውን ከሥራው ይልቅ በመልኩ እንደሚገልጸው፣ የ1973 እምቢታውና የኋላ መመለሱ ደግሞ ከሚገባቸው በታች ቦታ እንደተሰጣቸው ታይቷል። ይህ ማለት ታክሲው ይሰረዝ ማለት አይደለም። ያን የመሰለ ገጠመኝ ያለው ታሪክ ዕድለኛ ታሪክ ነው። መባል ያለበት፣ ታክሲው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ እንደነበረና ሒሳቡም ያን ዕለት ተከፍሎ እንዳላለቀ ነው። ቀሪውን ሒሳብ ማርሴይ ላይ፣ ቫሌንሲያ ላይ፣ በመጨረሻም ባማኮ ላይ የከፈለው እሱ ራሱ ነበር። ይህን የሚተርክ ጸሐፊ ሲገኝ፣ የኳስ ተጫዋች የሕይወት ታሪክ ከስፖርት ገጽ ወጥቶ በሥነ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ ያገኛል።